ማንም የማይቀመጥበት ወንበር

ጥቅምት 9 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣ ለአፈጮሌዋ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ እስኪገባ ጤናሽ ባለበት ይቆይሽ፤ ከገባ በኋላም አይለወጥ። ያለሽበት አገር ይልመድሽ፤ አንቺ ግን ብዙ አትልመጂው።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል፤ ስለዚህ ደረጃ አላሳየውም። ሐኪሙ ደግሞ ጨው ከልክሎኛል። ‹እስከ መቼ?› ብዬ ብጠይቀው ‹እስከ መጨረሻው› አለኝ። የማን መጨረሻ እንደሆነ ሳልጠይቀው ወጣሁ።

ማተሚያ ቤት ሥራ አለ። ባለፈው ወር የአንድ ትልቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ለእርማት መጥቶልኝ ነበር። ሰውየው ገጽ አርባ ላይ ይሞትና ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ ረጅም ንግግር ያደርጋል። ቤተሰቡን አስጠርቼ ‹የቱን ላስተካክል?› ብላቸው፣ ተመካክረው ‹ንግግሩ ይቆይ፤ ሞቱን ሰርዘው› አሉኝ። ሰረዝኩት። ሰው ከሞት ማዳን እንዲህ ቀላል መሆኑን ብታይ ሕክምና ሳልማር ቀረሁ ብለሽ አትቆጪም ነበር።

የሰፈራችን ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባውን አካሂዷል። እኔም እንደ ወትሮው ጸሐፊ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። የመንገዱ መብራት ይጠገን ተባለ፣ የቦዩ ክዳን ይታይ ተባለ፣ ወንበሩም ቦታ ቀየረ።

እናትሽ ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች። የስፌት መኪናዋም ይሠራል።

አጎትሽ፣
ሲናገር በየቃሉ መሀል ስለሚቆም ሰፈሩ ሁሉ ‹ሰረዝ› የሚለው


ኅዳር 21 ቀን

ለክቡር አጎቴ፣ ለጋሼ ሰረዝ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ከደረጃ ጋር ታረቀ? ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጨውንም በሩቁ ያቆይልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። የምሠራበት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ስለሆነ ሰማይ የማየው በምሳ ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ አንሶላ እናጥፋለን፤ ሁለት ሴት ለአንድ አንሶላ፣ ጫፍና ጫፍ ይዘን፣ እየተቃረብን እየተራራቅን። ከሩቅ የሚያየን ሰው የምንጨፍር ይመስለዋል። እስካሁን አብራኝ የምታጥፈው ረጅሟ ሴት ነበረች። አሁን ወደ ዳር ማሽን ተዛውራለች።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እናቴ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ቃሏን የሚጽፉልኝ እርስዎ ነዎት። ስድስት ዓመት ሙሉ ጽፈውልኛል። በስድስት ዓመት ውስጥ እናቴ ሳትቆጣኝ ሰላም ብላኝ አታውቅም። አምና በላክሁት ፎቶ ላይ የኮቴ ቁልፍ ተበጥሶ አይታ ግማሽ ገጽ አስጽፋዎታለች፤ ‹ልብስ ሰፊ የወለደቻት ልጅ በቁልፍ አልባ ኮት ታሳቅቀኝ!› ብላ። አሁን ‹ሰላም ብላሻለች›። አለቀ። ይሄ የእናቴ ቃል አይደለም።

ደግሞ ወንበሩ ቦታ ቀየረ ብለዋል። ወደ የት?

ስምንት ዓመቴ እያለ ወንበሩ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ነበር። ያን ዓመት ማንም አላናገረውም። ፀጉሩን የሚያስቆርጥ ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ጎፈሬ ሆኖ ከረመ። እናቴን ‹ምን አድርጎ ነው?› ብዬ ብጠይቃት ‹ወንበሩ እሱ ጋ ነዋ› አለችኝ። ‹ለምን እሱ ጋ ሆነ?› ስላት ‹አፍሽን ዝጊ› አለችኝ። አንድ ቀን መንገድ ላይ መሀረቡ ሲወድቅ አየሁና ላነሳለት ጎንበስ ስል ክንዴን ጎትታ ወሰደችኝ። ዞር ብዬ ሳየው መሀረቡን አላነሳውም። እኛን እያየ ቆሞ ነበር።

የማን በር ላይ ነው ወንበሩ? እውነቱን ይጻፉልኝ።

ከዚህ ጋር የሳል መድኃኒት ልኬያለሁ። ብርድ ሲገባ ደረቷ ይታፈናል። በእጅዎ ይስጡልኝ።

ልጅዎ


ጥር 17 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዝቶ ነው ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አራሚ ነኝና ሐሰት መሆኑን አይቼ ሰረዝኩት።

ወንበሩ እናትሽ በር ላይ ነው።

እንዴት እንደሚመረጥ ልጅ ስለነበርሽ አላየሽም። ማንም ሐሳብ አያቀርብም፤ ሐሳቡ ግን ይቀርባል። ሰብሳቢያችን፣ ጡረታ የወጣው የሂሳብ መምህር፣ ‹እንግዲህ ወንበሩ የዘንድሮ ቦታውን ይጠብቃል› ይላል። ከዚያ ጸጥታ ነው። አንዱ ይስላል። አንዱ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና ያስራል። ዓይን ሁሉ ከጣሪያ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ ሰው መዞር ይጀምራል። ጥቂት ቆይቶ ዓይኖቹ በሙሉ አንድ ሰው ላይ አርፈው ታገኚያቸዋለሽ። ማን እንደጀመረ አይታወቅም። እኔ ‹በሙሉ ድምፅ ተወሰነ› ብዬ እጽፋለሁ፤ ድምፅ ያሰማ ሰው ግን የለም። ዘንድሮም ዓይኖቹ ዞሩ፣ ዞሩ፣ እናትሽ ላይ አረፉ። ጻፍኩ።

ደንቡን ታውቂዋለሽ። አይናገሯትም፣ በእጅ ምንም አይሰጧትም፣ ቤቷ አይገቡም። የጣሰ ሰው፣ ወንበሩ በሚቀጥለው ዓመት እሱን ያውቀዋል። በረሃብ እንዳትሞት ባለሱቁ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ጣሪያውን እያየ ይሸጥላታል። የጣሪያውን ስንጥቅ አሁን በቃሉ ያውቀዋል። ፖስተኛውም ደብዳቤ በበሩ ሥር ያሾልካል፤ ደንቡ ሲወጣ ፖስታ ቤት ስላልነበረ የፖስታ ክልከላ የለም። ለሰፈሩ ሁሉ ደብዳቤ እያነበበ የሚሰጠው ይኸው ፖስተኛ፣ ለእሷ ግን አያነብላትም። ማንበብ መናገር ነው ተብሏል።

‹ማንም አይቃወምም ወይ?› ትይኝ ይሆናል። ሁሉም ይቃወማል። አንድ በአንድ ማተሚያ ቤት ድረስ መጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ በጆሮዬ ‹ይሄ ነገር እኮ ልክ አይደለም› ይሉኛል። ‹እንዳትጽፈው ብቻ።› ባለሱቁ መጥቷል። መምህሩ ራሱ መጥቷል። ሁለቱ በር ላይ ተገጣጥመው፣ ስለ አየሩ ሁኔታ አውርተው ተለያዩ።

የእናትሽንና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ መሆኑን አልረሳሽውም። ከምሳ በኋላ የስፌት መኪናው ሲሄድ እሰማለሁ። ደንበኛ የለም፤ ምን እንደምትሰፋ አላውቅም። ሳሏንም እሰማለሁ። መድኃኒቱ ደርሶኛል። ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

አጎትሽ


የካቲት 28 ቀን

ጋሼ፤

ሰላምታ አልጽፍም።

ጠረጴዛህ ላይ! እኔ የላክሁት ለጠረጴዛህ ነው እንዴ? ጠረጴዛው ነው የሚያስለው?

ስድስት ዓመት የእናቴን ቃል በእጅህ ጻፍክ፤ ዛሬ አንድ ቃል ልትሰጣት አልቻልክም። ‹እንዴት አደርሽ› በላት። ይሄን ብቻ። ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳና ‹እህቴ› በላት። ይሄ እንኳ ቢያቅትህ ወንበሩን አንስተህ እሳት ውስጥ ክተተው። እንጨት ነው! አራት እግርና አንድ መደገፊያ ነው!

እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ ያን ወንበር ተቀምጬበት እናቴን ቀኑን ሙሉ ሳጫውታት እውል ነበር።

ለእሷ በቀጥታ እየጻፍኩላት ነው። ማንም እንደማያነብላት አውቃለሁ። ቢያንስ ወረቀቱን ትያዘው።


ሚያዝያ 22 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ አንቺ ብትነሺኝም።

‹አንተ› ማለትሽን አይቻለሁ። ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ሳላርመው ተውኩት። ቦታው ነው።

የሆነውን ልንገርሽ። እናትሽ ደብዳቤዎችሽን ጠዋት ጠዋት አውጥታ ወንበሩ ላይ ታስቀምጣቸዋለች፤ ንፋስ እንዳይወስዳቸው የከሰል መተኮሻዋን ጫን አድርጋባቸው። ሲመሽ መልሳ ታስገባቸዋለች። የመንገዱ ሰው ሁሉ እያየ ያልፋል። እኔም ሦስት ሳምንት እያየሁ አለፍኩ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ለእሷ በእጅ መስጠት ተከለከለ እንጂ ከወንበሩ ላይ ማንሳት አልተከለከለም ብዬ አሰብኩ። አራሚ ሲባል እንዲህ ነው፤ ጀግንነት የለውም፣ ክፍተት ግን ያያል። ደብዳቤሽን አንስቼ ቤቴ ገባሁ። መቼም ሥራዬ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ማንበብ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ዓይን የሚዘለውን ጆሮ ይይዛል። ወንበሬን ግድግዳው ጥግ ሳብኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት። ‹እማዬ፣ የኮቴን ቁልፍ ተክቼዋለሁ› የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ለእርማት።

ማንበብ ስጀምር የስፌት መኪናው ቆመ። ስጨርስ ጥቂት ቆይቶ ተነሳ። ደብዳቤውን መልሼ ወንበሩ ላይ አኖርኩት። ከዚያ ወዲህ ሦስቱን አንብቤያለሁ።

መድኃኒቱ ግን አስጨነቀኝ። በደንቡ ውስጥ ‹መድኃኒት› የሚል ቃል ይኖር እንደሆን ብዬ የማኅበሩን ቁም ሣጥን ከፈትኩ። ከተበላሸው ድምፅ ማጉያ ሥር የመጀመሪያውን መዝገብ አገኘሁ። እኔ የማውቀው ሦስተኛውን ነው፤ እሱ ከሁለተኛው የተገለበጠ ነው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው። የመጀመሪያውን ገጽ ቃል በቃል ገልብጬልሻለሁ፦

‹ጉሮሮ የሚዘጋው በሽታ የገባበት ቤት በሩ ላይ ወንበር ይደረግ። ሕመምተኛው ድምፁ እስኪመለስ እንዳይደክም ማንም አያናግረው፤ ወደ ቤቱም አይግባ። ጎረቤት በየተራው ትኩስ ሾርባ አብስሎ በወንበሩ ላይ ያኑርለት፤ መድኃኒትም እንዲሁ። ወንበሩ ባዶውን እንዳይውል።›

ሁለተኛው መዝገብ ላይ ያለው ይህ ነው፦ ‹በሩ ላይ ወንበር ይደረግ። ማንም አያናግረው፤ ወደ ቤቱም አይግባ።› እዚህ ላይ ገጹ ያልቃል። ገልባጩ ገጹን ሲያዞር የቀረውን ዘለለው። ሾርባው ቀረ፤ በሽታውንም ከላይ ሳይገለብጠው አልፏል። ሦስተኛው መዝገብ ላይ ደግሞ ‹ዓመቱን ሙሉ› የሚል ተጨምሯል። ማን እንደጨመረው አልታወቀም፤ የእጅ ጽሕፈቱ ግን ያምራል።

አርባ ዓመት አራሚ ሆኜ ኖሬያለሁ። የተዘለለ መስመር ስንት ሰው ከሞት ሲያነሳ፣ ስንቱን ሳያገባ ሲያስወልድ አይቻለሁ። ሰፈር ሙሉ ሲኖርበት ግን አላየሁም ነበር።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ መድኃኒቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።

አጎትሽ


ሰኔ 13 ቀን

ለክቡር አጎቴ፤

እጅዎን እስማለሁ። ‹እርስዎ› ብዬ መመለሴን ያዩልኛል።

ደብዳቤዎን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ‹ለእርማት› የሚለው ጋ ስደርስ እንደ እብድ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ጎኔ የተቀመጠ ሰው መኖሩን አየሁ። ረጅሟ ነበረች።

ጋሼ፣ ያልነገርኩዎት አለ። ወደ ዳር ማሽን ተዛወረች ያልኩዎት ዝም ብሎ አይደለም። መጥመዝመዣው ማሽን የአንዷን ጣት ሲቆርጥ፣ ረጅሟ ብቻዋን ወጥታ ለአለቃ ተናገረች። ማሽኑ ለጥገና ሁለት ቀን ቆመ፤ ሁላችንም ለሁለት ወር ቅዳሜን ጭምር እንድንሠራ ተደረገ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም አያናግራትም። ማንም አልወሰነም፤ ስብሰባም አልነበረም፤ መዝገብም የለንም። ጠዋት ስትገባ ሁሉም ወደ አንሶላው ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ዘጠኝ ወር ሆነኝ።

ያን ቀን ደረጃው ላይ ‹ምን ያስቅሻል?› አለችኝ። አቀርቅሬ ደብዳቤውን አጥፌ ገባሁ።

ለእርስዎ ያን ሁሉ የስድብ ናዳ የጻፍኩት ከዚያች ሴት ሁለት ማሽን ርቄ ተቀምጬ ነው።

ስለዚህ አላዝዎትም፤ እለምንዎታለሁ። ያን ገጽ በስብሰባው ላይ ያንብቡላቸው። ሌላ ምንም አይበሉ። ያንብቡላቸው ብቻ። ሲሰሙት እንዴት ዝም ይላሉ?

ልጅዎ


ጥቅምት 14 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣ ለአፈጮሌዋ፤

ቸር ያሰማሽ እላለሁ፤ እኔ ግን የማሰማሽ የተደባለቀ ነው።

አነበብኩላቸው። እናትሽም ነበረች፤ ዓመቱን የጨረሰ ሰው በመጨረሻው ስብሰባ ከበሩ አጠገብ እንዲቀመጥ ይፈቀድለታል። የመጀመሪያውን መዝገብ ይዤ ቆምኩ፤ በየቃሉ ግን አልቆምኩም። ‹ወንበሩ ባዶውን እንዳይውል› ብዬ ጨረስኩ።

መጀመሪያ የተነሳው ባለሱቁ ነው። ‹የምን ሾርባ ነው? አልተገለጸም እኮ› አለ። መምህሩ ‹ጥሩ ነጥብ ነው› አለ። አንዱ ደግሞ ‹ያኔ በሽታ ነበር፤ አሁን በሽታ የለም፤ ስለዚህ ሾርባው ይቅር› አለ። ‹ታዲያ ዝምታው ለምን አይቀርም?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ዝምታውማ ልማዳችን ነው› አለኝ።

ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ተነሳ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

‹እኔ ዓመቱን ሙሉ ስቆይ አንድ ማንኪያ ሾርባ ያመጣልኝ የለም› አለ። ‹መሀረቤ ሲወድቅ ያነሳልኝ የለም። ቻልኩት። ደንብ ነው ብዬ ቻልኩት። ዛሬ መጥታችሁ ‘ተሳስተን ነበር’ ካላችሁኝ፣ ያ ዓመቴ ምን ሊባል ነው?›

አንቺ ያን መሀረብ ልታነሺለት ጎንበስ ብለሽ እንደነበር አልነገርኩትም።

‹ደግሞ ይሄ ሰውዬ› አለ ቀጠለና፣ ‹በግድግዳ በኩል ደብዳቤ ያነባል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።›

‹ሥራዬ ነው፤ እርማት ነው› አልኩ።

‹እርማትህ ላይ ‘እማዬ’ የሚል አለበት?›

ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ እንዳበቃልኝ ነገረኝ።

በቃለ ጉባኤው የሰፈረው ይህ ነው፦ የሾርባውን ጉዳይ የሚያጠና ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ወንበሩ ቀለም እንዲቀባ ተወስኗል። ከዚያ መምህሩ ‹እንግዲህ ወንበሩ› አለ፤ ጸጥ ተባለ።

አሁን ዓመት ሙሉ ያልጻፍኩልሽን ልጻፍ። ባለፈው ዓመት ማን እንደጀመረ አይታወቅም ብዬሽ ነበር። ይታወቃል። በዚያ ስብሰባ መጀመሪያ ላይ የመምህሩን ንግግር በሰው ፊት አርሜበት ነበር፤ ዓይኖቹ ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። በፊቴ ላይ ሙቀታቸው ተሰማኝ። ያን ጊዜ አንገቴን አዞርኩና እናትሽን አየሁ። ሌላ ምንም አላደረግኩም። ሰው የሚያየውን ሰው ያያል፤ ዓይኖቹ በኔ ላይ አልፈው ሄዱ። እሷ ግን ቀድማ እኔን ነበር የምታየው፤ ለእኔ ፈርታ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

ዘንድሮ ዓይኖቹ ሲመጡብኝ የማንንም ፊት አላየሁም። እጄን አየሁ። ‹በሙሉ ድምፅ› ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ አምሯል።

ወንበሩን የሚያደርሰው ዓመቱን የጨረሰው ሰው ነው። ከእናትሽ በር እስከ እኔ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ግራና ቀኝ ቆሞ፣ ተሸክማው መጣች። ልትወጣ ስትል በሯ ተከፍቶ ስለነበር የስፌት መኪናዋን አየሁት። ክር የለውም። ጨርቅም የለውም። ማጠንጠኛው ላይ አቧራ ተጋግሯል። ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ነው የረገጠችው፤ እኔ በግድግዳው እንድሰማው።

ወንበሩን አስቀመጠችው። አንድ እግሩ ይነቃነቃል፤ ከኪሷ የጨርቅ ቁራጭ አውጥታ አጥፋ ከሥሩ አደረገችለት። ቀና ብላ አየችኝ። አፏን የከፈተች መሰለኝ። ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። ዘጋችው፤ ሄደች።

አጎትሽ


ኅዳር 25 ቀን

ለክቡር አጎቴ፤

እንዴት ከረሙ ልል ነበር፤ ማን ጠይቆዎት ያውቃልና እኔ ልጠይቅ፦ እንዴት ከረሙ? እንዴት አደሩ? እንዴት ዋሉ? እንዴት አመሹ? ለአንድ ወር የሚሆን ጽፌልዎታለሁ፤ በቀን አንድ አንድ ያንብቡ።

ስለ ዓይንዎ የጻፉትን አነበብኩ። አራት ቀን አኩርፌ ሰነበትኩ። በአምስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ረጅሟ ጎን ሄጄ ተቀመጥኩ። የማጠቢያው ክፍል ሴቶች በሙሉ ያዩኛል። ‹ያን ቀን ያሳቀኝ አጎቴ ነው› አልኳት። ከአሥራ አራት ወር ዝምታ በኋላ የሚሰጥ መልስ መሆኑን አውቃለሁ። አላመሰገነችኝም። ‹ዘገየሽ› አለችኝና ቦታ ለቀቀችልኝ። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እኔንም አያናግሩኝም። አሁን ሁለት ስለሆንን አንሶላ ማጠፍ ችለናል።

እናቴ በፖስተኛው እጅ ጽፋልኛለች። ሁለት ገጽ ቁጣ ነው፤ አልቅሼ ልሞት ነበር። ስለ እርስዎ አንድ ቃል የለም። መጨረሻ ላይ ብቻ እንዲህ ይላል፦ ‹ሐኪሙ ወንድሜን ጨው ከልክሎት ነበር። እንደተከለከለ ነው ወይስ ተፈቅዶለታል? ጠይቀሽ ጻፊልኝ። እኔ መጠየቅ አልችልም።›

ለምን እንደጠየቀች አልገባኝም። ምን ልበላት?

ልጅዎ


ጥር 8 ቀን

ለአፈጮሌዋ፤

ጤናሽንና የረጅሟን ጤና አብሮ ይጠብቅ።

‹እንዴት አደሩ›ዎችሽን በቀን አንድ ልጠቀም ብዬ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጨረስኳቸው። አሁን ከመጀመሪያው እየደገምኳቸው ነው።

እዚህ ያለው እንዳለ ነው። ማተሚያ ቤት ጽሑፉን ጠረጴዛዬ ላይ ጥለው ይሄዳሉ፤ ስሕተቱ ግን በዝቷል፤ የሚጠይቀኝ የለማ። ባለሱቁ ጣሪያውን ማየት ሳይሰለቸው አልቀረም፤ አሁን ዓይኑን ይጨፍናል። እናትሽ አታናግረኝም። በመንገድ ስንተላለፍ ወደ ሌላ ወገን ታያለች፤ ደንቡን ከሁሉም አጥብቃ ትጠብቃለች። ደንበኞቿ ተመልሰውላታል፤ መኪናዋ ውስጥ ክር አለ። ክር ያለውና የሌለው ድምፁ እንደሚለያይ አሁን አውቄያለሁ። ከምሳ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ክሩን አውጥታ ባዶውን ትረግጣለች። እኔም ያን ጊዜ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት በሬን ስከፍት ወንበሩ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጎድጓዳ ሳህን አገኘሁ። የጨርቁ ጠርዝ ተዘምዝሟል። የማን ስፌት እንደሆነ አይጠፋኝም። በማግሥቱም መጣ። በሦስተኛው ቀንም።

ሰፈሩ ተሸብሯል። ሾርባው ዝምታውን ይጥሳል ወይስ አይጥስም በሚለው ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተደርጎ፣ ‹ኮሚቴው እስኪያጠና ሾርባው ባለበት ይቀጥል› ተብሏል። እኔ አልነበርኩም። ይሁንና ከእኔ በቀር አጣርቶ የሚጽፍ ስለሌላቸው ረቂቅ ቃለ ጉባኤውንና መዝገቡን አምጥተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ሳያናግሩኝ፣ ከሳህኑ ጎን። ስለ ራሴ ሾርባ የተወሰነውን ሾርባውን እየጠጣሁ አረምኩት። መዝገቡ እጄ ላይ እያለም ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሼ፣ የተዘለለውን መስመር በኅዳጉ አስገባሁት፣ በቀይ፣ በእርማት ምልክት። አንብቦ የሚያየው ይኖር እንደሆን አላውቅም። መዝገቡን በማግስቱ ወሰዱት። የወሰደው ፀጉር አስተካካዩ ነው። መንገዱ ላይ ቆሞ ሲያገላብጠው አየሁት፤ አንዱ ገጽ ላይ ቆየ። ከዚያ አጥፎ ሄደ። ሌላ ነገር የለም።

ከፊቴ ዘጠኝ ወር አለ።

እናትሽ ለጠየቀችው፦ ጨው እንደተከለከልኩ ነው፤ ሾርባዋም ቅንጣት ጨው የለበትም። ውሃ ውሃ ይላል፤ አይጣፍጥም። አጥንቱ ግን ጥሩ ነው፤ ሳህኑንም ባዶ ነው የምመልሰው። ይህን እንዳለ ጻፊላት፤ ፖስተኛው ያንብብላት። እኔ እንዳልነግራት ከመካከላችን ግድግዳ አለ።

አጎትሽ